የክልከላ ደብዳቤ ሲደርሰን

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ እዚሁ ናይሮቢ ሱቅ ከፍቼ የማድር ነጋዴ ነኝ። ሆኖም ብዙዎቻችንን ስለሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ ጥቂት ልናገር።

አንድ ወገናችን ኬንያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል። «በሥራ ፈቃድህ መካከል ክፍተት አለ» የሚል መልስ ይመጣል። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ዝምታ የዓመታት ልፋትን ያስቀራል።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኬንያ የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ፣ በአንቀጽ 37፣ በሥራ ፈቃድ የኖረ ሰው ቢያንስ 7 ዓመት ፈቃድ የያዘና ከማመልከቻው በፊት ያሉትን 3 ዓመታት ሳያቋርጥ በአገሩ የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። «ሳያቋርጥ» የተባለው ስለ 3ቱ ዓመታት ኑሮ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ የት ላይ እንደወደቀ እንቁጠር። ከ5 ዓመት በፊት የነበረ የ4 ወር ክፍተት ከሆነና እሱ ተቀንሶም 7 ዓመት ከሞላ፣ የምንከራከርበት ነገር አለን። በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከሆነ ግን ይከብዳል። ያን ጊዜ እድሳቱን የጠየቅነው የቀድሞው ፈቃድ ሳያልቅ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንጠይቅ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47፣ በአስተዳደር ውሳኔ መብቱ የተነካበት ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይደነግጋል። በ2015 የወጣው የፍትሐዊ አስተዳደር ሕግም ውሳኔው በፍርድ ቤት እንዲመረመር በር ይከፍታል። በመሥሪያ ቤቱ በኩል የአቤቱታ መንገድ ካለ ግን አስቀድሞ እሱን መጨረስ ያስፈልጋል። ቀኑ እንዳያልፍ ደብዳቤው የደረሰበትን ዕለት ጽፈን ቶሎ ጠበቃ እናማክር። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ አንስጥ።

ሦስተኛ፣ ወረቀት እናስቀምጥ። ዱቤ ስንሰጥ በደብተር እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ የፈቃድና የእድሳት ደረሰኝ፣ አሮጌ ፓስፖርት፣ የግብር ወረቀት፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። እነዚህ የሥራ ፈቃድን ባይተኩም እዚህ መኖራችንን ይመሰክራሉ። አቤቱታው እየታየ ሳለም በእጃችን ያለውን ፈቃድ ማደስ አንርሳ፤ አሮጌውን ክፍተት ስንሞግት አዲስ ክፍተት እንዳንከፍት።

በመጨረሻ ማኅበራችንን የምለምነው አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው አባላት ደብዳቤ የሚያነብና ወደ ታመነ ጠበቃ የሚመራ ትንሽ ኮሚቴ ቢቋቋም ለበዓላችን መልካም መታሰቢያ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።