ስለ ትንሹ ገመድ አገማመድ
(ለማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ማበር ብቻውን እንደማይበቃ እኔ የተማርሁት ግን የመርከብ አምሳያ በምሠራባቸው የዕረፍት ሰዓቶቼ ነው።

አምሳያው በእንግሊዝ አገር በቻታም ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1765 ወደ ውሃ የወረደችው የ«ቪክቶሪ» ነው፤ ልኬቱም 1 ለ72 ነው። በመርከቧ ታችኛው ወለል የተደረደሩት ታላላቅ መድፎች እያንዳንዳቸው ከ2 ቶን ተኩል በላይ ይመዝኑ ነበር። መድፉ ሲተኮስ በመንኰራኵሮቹ ወደ ኋላ ይንደረደራል። ተኳሾቹን እንዳይጨፈልቅ የሚገታው፥ ሁለቱ ጫፎቹ ከመርከቧ ግድግዳ ጋር የታሰሩ አንድ ወፍራም ገመድ ነበር። የገመዱም መጠን 7 ኢንች ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናዘዝ። 7 ኢንቹ ውፍረቱ መስሎኝ ለ72 አካፍዬ 2 ሚሊሜትር ተኩል የሚሆን ገመድ አዘጋጀሁ። በመድፉ ላይ ባስረው ዘንዶ የተጠመጠመበት መሰለ። ለካስ የዚያን ዘመን መርከበኞች ገመድን የሚለኩት በዙሪያው ኖሯል፤ ትክክለኛው የአምሳያ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቍጥሩን አውቄ፥ ምን እንደሚለካ ግን አልጠየቅሁም ነበር።

ሁለተኛውን ለመሥራት ሦስት የጥጥ ክሮች ወስጄ በአንድነት አከረርኋቸው። ጫፋቸውን ብለቅቀው ወዲያው ተፈቱ። ምሥጢሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ወደ አንድ አቅጣጫ አብዝቶ መክረር አለበት፤ ከዚያም ሦስቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ በአንድነት ይገመዳሉ። እያንዳንዱ ክር ልፈታ ሲል ገመዱን ያጠብቀዋል፤ ገመዱ ልፈታ ሲል ደግሞ ክሮቹን ያከርራቸዋል። የገመድ ጽናት የሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ሚዛን ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። በአንድ ወገን በጥርስ የሚነዱ ሦስት መንጠቆዎች፥ በሌላው ወገን በትንሽ ጋሪ ላይ የተተከለና እንደ ልቡ የሚሽከረከር አንድ መንጠቆ፥ በመካከላቸውም ሦስት ቦይ የተቀረጸበት ሾጣጣ እንጨት ይገኛል። ክሮቹ ሲከርሩ ስለሚያጥሩ ጋሪው ወደ ፊት ይሳባል። በታላቁም ሥራ 150 ሜትር ክር 100 ሜትር ያህል ገመድ ነበር የሚወጣው። ረጅም ገመድ የሚገመደው ተዘርግቶ ስለ ሆነ የቻታም የገመድ ቤት 346 ሜትር ያህል ይረዝማል። የእኔ ጠረጴዛ 2 ሜትር ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው።

ሁሉም ነገር ግን እኩል አያንስም። ርዝመት በ72 እጅ ሲያንስ ክብደት በ373,248 እጅ ያንሳል። ስለዚህ በእውነተኛይቱ መርከብ በራሱ ክብደት የሚረግበው ገመድ በአምሳያው ላይ እንደ ሽቦ ተገትሮ ይቀራል፤ በቀጠነ ኮላ አርሶ፥ በመርፌ አስይዞ ማርገብ ግድ ይሆናል።

አንድ ወዳጄ፥ «የልብስ ስፌት ክር ቀለም ብትቀባው ማን ያውቅብሃል?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ የእኔ መድፍ አይተኮስም፥ ገመዱ ቢበጠስም የሚሞት ሰው የለም። ነገር ግን ማንም በማይጎዳበት ሥራ ላይ «ማን ያውቅብኛል» ማለትን የለመደ እጅ፥ ድልድይ በሚሠራበት ዕለት ልማዱን ከቤቱ ትቶ አይመጣም። የፈታሁት ገመድ ዛሬም ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል።