ስለ እድራችን ጄኔሬተር

ዛሬ እድራችን ስለ ገዛው ጄኔሬተር ጥቂት እንነጋገራለን። ወሬው ስለ ዋጋው አይደለም፤ ስለ አያያዙ ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ ሐዘን ቤት መብራት ጠፋ። እኛም ጄኔሬተሩን አምጥተን ከድንኳኑ ጀርባ አስነሣነው። ዝናብ ሲመጣ «እንዳይበሰብስ» ብለን ጓዳ አስገባነው፤ በሩንም ገርበብ አደረግነው። የሚበቃ መስሎን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳው ቀጥሎ ባለው ክፍል ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። አንዷ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ግማሹ «ጾሙ ነው» አለ፤ ግማሹ «ሐዘኑ ነው» አለ። አንዲት ባልቴት ግን «ይኼ የከሰል ነገር ነው፤ አውጧት!» ብለው ጮኹ። በዝናቡ ውስጥ ደጅ ስናወጣት ነፍስ ዘራች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ዳነች። ጥፋቱ ግን የኛ ነበር፤ የማንም አይደለም።

ባልቴቷ ልክ ነበሩ። ከከሰል የሚወጣው መርዝና ከጄኔሬተር የሚወጣው መርዝ አንድ ነው፤ ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም ቀለምም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መስኮት መክፈት ብቻውን አያድንም። ጄኔሬተር የሚቀመጠው ከቤት ውጭ ነው፤ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይርቃል፤ የጭሱ አፍ ወደ ቤት አይዞርም። ዝናብ ቢመጣስ? ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ይሠራለታል። ዳስ ከሌለ ይጥፋና በፋኖስ እናምሽ።

ኮረንቲውስ? ኮረንቲ ከጄኔሬተሩ ወጥቶ ተመልሶ ወደ ጄኔሬተሩ ይገባል። ባገኘው መንገድ ሁሉ ያልፋል፤ የሰው አካልም መንገድ ይሆነዋል። ባለ ሦስት እግር ስፒና አይታችኋል? ሦስተኛው እግር የመሬት ሽቦ ነው፤ ሽቦው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም አለው። የፍሪጁን ብረት ከጄኔሬተሩ ብረት ጋር ያገናኛል። ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የፍሪጁን ብረት ቢነካ፣ ኮረንቲው በዚያ ሽቦ ይመለስና ብሬከሩ ይወርዳል። አንዳንዶቻችን ግን ሶኬቱ አልቀበል ሲል ሦስተኛውን እግር በፒንሳ እንቆርጠዋለን! ያን ጊዜ ፍሪጁን በባዶ እግሩ ቆሞ የሚከፍተው ልጅ ራሱ ሽቦ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ሽቦ ሠርተው ጄኔሬተሩን ከቤቱ ሶኬት የሚሰኩ አሉ። ቤቱ ይበራል። ነገር ግን ኮረንቲው በቆጣሪው አልፎ ወደ ምሰሶው ይወጣል። ትራንስፎርመር 15,000 ቮልትን ወደ 380 እና 220 ያወርዳል፤ ከታች ሲሰጡት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ «መስመሩ ጠፍቷል» ብሎ ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ምን ይሁን? ልጆቹ ቤት ይጠብቁታል።

ስለዚህ ለእድሩ ቤት መቀያየሪያ ማብሪያ ያስፈልጋል፤ የመንግሥቱን መስመር ሳይቆርጥ የጄኔሬተሩን አያስገባም። መሬት ውስጥ የሚተከል የመዳብ ዘንግም ይጨመራል። ይህን የሚሠራው ባለሙያ ነው፤ እኛ አይደለንም። ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በእርጥብ እጅም አይነካም።

የዳሱ ቆርቆሮ ተገኝቷል። የማብሪያውና የባለሙያው ዋጋ ግን ገና አልሞላም፤ መዋጮውን እሑድ እንነጋገርበታለን። እስከዚያ የጄኔሬተሩ ቁልፍ ከእድሩ ዳኛ ዘንድ ይቆያል።