ጀልዴሳና የሲራራ መንገድ



ስለ ጀልዴሳ የሲራራ ንግድ ስናጠና ያገኘነውን ባጭሩ እናሰማችኋለን። ከዘይላ ጨርቅና ጠመንጃ የጫነ ግመል በረሃውን አቋርጦ ጀልዴሳ ይራገፍ ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ ዳገት ስለ ሆነ፣ ዕቃው ከዚያ ወዲያ በአህያና በበቅሎ ይጓዛል። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስም በዚሁ መንገድ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ ግን ሐዲዱ ጀልዴሳን ትቶ አለፈ፤ ገበያውም ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ።

የባቡሩን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል። የግመል ነጂው ታሪክ ግን አብዛኛው በአፍ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ንገሩን፤ እኛም እንጽፈዋለን።