መቶኛው ከምን ላይ ይታሰባል?



በኢንተርኔት ገበያ ከሻጭ የሚወሰደው ክፍያ ተገቢ መሆን አለመሆኑ ሲጠየቅ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት መቶኛው ሳይሆን የሚታሰብበት መሠረት ነው። ኤትሲ የተባለው የአሜሪካ ገበያ በ2022 እ.ኤ.አ. ድርሻውን ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ባደረገ ጊዜ፣ ሱቃቸውን ለጊዜው ዘግተው የተቃወሙ ሻጮች ነበሩ። ሒሳቡ ግን በዚህ አያበቃም።

የሽያጭ ታክሱን ትተን፣ ዕቃው 5 ዶላር፣ መላኪያውም 5 ዶላር ቢሆን፣ ድርሻው የሚታሰበው ከ10 ዶላሩ ላይ ነውና 65 ሳንቲም ይሆናል። የማስመዝገቢያው 20 ሳንቲም፣ ገንዘቡን ለማስተላለፍም 3 በመቶና 25 ሳንቲም ሲታከልበት ጠቅላላው 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይደርሳል፤ ይኸውም ከዕቃው ዋጋ 28 በመቶ ነው። ዕቃው 50 ዶላር ቢያወጣ ግን ከ12 በመቶ አይደርስም። ሸክሙ የሚከብደው በአነስተኛው ሻጭ ላይ ነው።

መላኪያው ከክፍያ ነጻ ቢሆን ዋጋውን አሳንሶ መላኪያውን የሚቆልል ሻጭ እንደማይጠፋ አይካድም። ይሁን እንጂ ገበያው የፖስታ መላኪያውን ራሱ በሚሸጥበት ጊዜ እውነተኛውን ዋጋ ያውቃል። እንግዲያስ ድርሻውን ከትርፉ መላኪያ ላይ ብቻ ቢያስብ፣ ተንኮሉም ይከላከላል፤ ፍርዱም አይጓደልም።