የሥራ ቦታ መዝገብና የሠራተኛው እጅ

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ይሁንና አባባሉ የማይናገረው አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በጽሑፍ ያለው ሁሉ እውነት አለመሆኑ ነው። መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ ወይም የውኃ መውረጃ ቦይ ሲቀይስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረኮዘው እርሱ ባልነበረበት ቦታና ሰዓት፣ እርሱ የማያውቀው ሠራተኛ በጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ያ ቁጥር የሚጻፍበት ወረቀት ለጻፊው የማይመች ከሆነ፣ በመዝገቡ የገባውን ጉድለት ስሌት አያቃናውም። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ የሥራ መዝገብ መነደፍ ያለበት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ተነሥቶ ሳይሆን፣ ከሚጽፈው ሠራተኛ እጅ ተነሥቶ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ ራስጌ ያለው እንጦጦ ይበቃል። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የተሠራችበት ሸንተረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ተፋሰስ ድንበር ነው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ውኃ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በደቡብ በኩል የሚወርደው ደግሞ በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔና በሌሎችም ወንዞች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። ጎን ለጎን ከሚወድቁት ሁለት ጠብታዎች አንዱ መንገዱ ወደ ሜድትራንያን ባሕር ሲሆን፣ ሌላው ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል። ስለዚህ በእንጦጦ፣ በቦሌ፣ በአቃቂ፣ በሰንዳፋና በመሳሰሉት ቦታዎች የተመዘገበው የዝናብ መጠን የአቃቂን ተፋሰስ ለሚያጠኑ ሁሉ መነሻ ሆኖ ኖሯል።

በእጅ የሚነበበው የዝናብ መለኪያ እጅግ ቀላል መሣሪያ ነው። ዝናቡን የሚቀበል ጣሳ መሰል ዕቃና የተጠራቀመውን ውኃ የሚለካ ምልክት ያለበት ብርጭቆ ነው። ሠራተኛው ከጧቱ በ3 ሰዓት ያነብባል፣ ይጽፋል፣ ውኃውን ይደፋል፣ ዕቃውን መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ሥራው ጥቂት ደቂቃዎች የሚፈጅ ቢሆንም፣ የአንዲቱ ቀን ንባብ ካመለጠች ተመልሳ አትገኝም።

አሁን አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በሐምሌ ወር በአንድ ቀን ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ እንበል። ይህ መጠን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 40,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ዝናቡ በዐሥር ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወደ መሬት የሚሰርገው ሳይቀነስ፣ በአማካይ በሴኮንድ 1.1 ሜትር ኩብ ያህል ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከወረደ ግን በሴኮንድ 11 ሜትር ኩብ ይሆናል። የመጀመሪያውን መጠነኛ ቦይ ያስተናግደዋል፤ ሁለተኛው አጥር ይጥላል፣ ቤት ይገባል፣ ሰው ይወስዳል። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «40» ተብለው የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው በዚያ ቀን ከቦታው የነበረው ሠራተኛ ብቻ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ከቀኑ 9 እስከ 10 ሰዓት፣ በረዶ የቀላቀለ» ብሎ የሚጽፍበት የሁለት ጣት ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ቢያገኝ፣ ውድ መሣሪያ ባልተተከለበት ቦታ ለመሐንዲሱ ትልቅ ማስረጃ ይተውለታል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ በዓል ነው፤ ወሩም የክረምት እኩሌታ ነው። መለኪያውን የሚያነብበው ሠራተኛ በበዓሉ ምክንያት ሳያነብብ ቢውልና በማግሥቱ 62 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ ምን ይጽፋል? ቅጹ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጠባብ ሳጥን ብቻ ከሰጠው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ለበዓሉ ቀን ዜሮ፣ ለማግሥቱ 62 መጻፍ ነው። ሁለተኛው 62ን ለሁለት ከፍሎ 31 እና 31 ማድረግ ነው። ሦስተኛው ለበዓሉ ቀን ከራሱ ግምት አንድ ቁጥር መፍጠር ነው። ሦስቱም ሐሰት ናቸው፤ ሦስቱም ግን ለዐይን የተሟሉና ንጹሕ ሆነው ይታያሉ። «የሁለት ቀን ድምር» ብሎ በአንድ ቅንፍ ማያያዝ ቢፈቀድለት ግን እውነቱን ለመጻፍ የሚያስቸግረው ነገር አልነበረም።

የዚህ ዓይነቱ ሐሰት ዋጋ ወዴት እንደሚደርስ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣውና በ2013 ባሻሻለው የውኃ ማፋሰሻ ንድፍ መመሪያ ውስጥ፣ የ24 ሰዓት ዝናብ መጠን ከዋነኞቹ የስሌት ግብዓቶች አንዱ ነው። የሁለት ቀን ድምር እንደ አንድ ቀን ዝናብ ከተቆጠረ የዓመቱ ከፍተኛ መጠን ይሆንና ቱቦውን ያለ አግባብ ያሰፋዋል። ከፍተኛው ዝናብ ተከፍሎ ወይም ዜሮ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ቱቦውን ያጠብበዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወደፊት በዚያም ሆነ በቀበና ዳር ምን ያህል ውኃ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት የሚቻለው፣ በየመንደሩ በታማኝነት የተጻፈ ንባብ ሲኖር ነው።

ከነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣው የመጀመሪያው ሕግ፣ «ምንም አልነበረም» እና «ማንም አላየም» የሚሉት ሁለት ነገሮች በመዝገብ ላይ ፈጽሞ መመሳሰል የሌለባቸው መሆኑ ነው። ዜሮ ምስክርነት ነው፤ ባዶ ሳጥን ግን የምስክር አለመኖር ነው። ባዶ ሳጥን ባየ ቁጥር የሚቆጣ አለቃ፣ ሳያውቀው ሠራተኛውን ዜሮ መፈልሰፍ ያስተምረዋል።

ሁለተኛው ሕግ ቋሚውና ነፃው ክፍል ተለይተው አብረው መኖር ያለባቸው መሆኑ ነው። ሁሉም መዝገብ ልቅ ይሁን ማለት አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ ሲሆንና በሞዴል 22 ወጪ ሲሆን ቅጹ ጥብቅ የሆነው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ተረካቢውና አስረካቢው የሚጠየቁበት ሰነድ ነውና። የሥራ ቦታ ማስታወሻ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ካቦው ስለ አፈሩ፣ ኦፕሬተሩ ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ የፓምፕ ጠባቂው ስለ ውኃው ቀለም የሚያስተውሉትን ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ልኬት በቋሚ ዓምድ ይቀመጡ፤ ከገጹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን ለሠራተኛው ቃል ይተው። ተመሳሳይ ቃል በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከታየ በሚቀጥለው ዓመት ራሱን የቻለ ዓምድ ይሰጠው። እንዲህ ሲሆን ቅጹ ከሥራው ጋር አብሮ ያድጋል።

ሦስተኛው ሕግ መዝገቡ በሥራው ቦታና ሰዓት፣ ያለ ተጨማሪ ድካም የሚጻፍ መሆን የሚገባው መሆኑ ነው። በኪስ የሚገባ ደብተርና በእርጥብ ወረቀት ላይ የማይፈስ እርሳስ፣ ቢሮ ተቆልፎበት ከሚቀመጥ ትልቅ መዝገብ ይሻላሉ። ማታ ቤት ገብቶ ከትዝታ የሚጻፍ ቁጥር በአምስትና በዐሥር የተጠጋጋ ይሆናል። በንጹሕ ገልብጦ መጻፍ ካስፈለገም፣ ጭቃ የነካው የመጀመሪያው ደብተር መጣል የለበትም። ስሕተት ሲፈጠር እውነቱ የሚገኘው በእርሱ ነው።

አራተኛው ሕግ መዝገቡ ለጻፊው ራሱ የሚጠቅመው ነገር ሊኖር የሚገባ መሆኑ ነው። ለዚህ የዕድር መዝገብ መልካም አስተማሪ ነው። በአንድ በኩል የአባላት ስም፣ በሌላ በኩል ወራት ተዘርዝረው፣ የከፈለው ምልክት ይደረግለታል። ጸሐፊው አንድ ጊዜ ገልጦ በማየት ብቻ ማን እንደቀረ ያውቃል፤ አባላቱም ያው ገጽ ሲገለጥላቸው ይረዱታል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ብልኀት በጤና አገልግሎት ውስጥ ይገኛል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ቆይቶ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር የሚከፈትበት አሠራር ተዘርግቷል። ከዚሁ ጋር የክትትል ካርዶች በወራት በተከፋፈለ ሣጥን ውስጥ፣ በቀጠሮው ወር ሥር ይቀመጣሉ። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀረ ካርድ ካለ፣ ያልመጣች ነፍሰ ጡር ወይም ክትባቱ የተቋረጠበት ሕፃን አለ ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ሄዶ እስኪመለስ ሳትጠብቅ፣ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለባት ከሣጥኑ ትረዳለች። መዝገቡ ለበላይ አካል ከመናገሩ በፊት ለእርሷ ተናግሯል።

በፋብሪካ በኩልም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ጃፓናዊው መሐንዲስ ካኦሩ ኢሺካዋ ከሚታወቁባቸው ሰባት የጥራት መቆጣጠሪያ ዘዴዎች አንዱ፣ ሠራተኛው ጉድለት ባየ ቁጥር በአጠገቡ በተሰቀለ ወረቀት ላይ አንድ ጭረት እየጨመረ የሚቆጥርበት ቅጽ ነው። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ዓይነቱ አሠራር በልዩ ልዩ የአገራችን ድርጅቶች ውስጥ እንዲለመድ ተሞክሯል። ጭረት ለመጨመር ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም፤ የሳምንቱ ጭረቶች ግን የትኛው መኪና መታደስ እንዳለበት ግልጽ አድርገው ያሳያሉ።

እንዲህ ያለው ትንሽ ሥራ በዘመናት ሲጠራቀም ምን እንደሚሆን የዓባይ ታሪክ ያስተምራል። በካይሮ በሮዳ ደሴት ይነበብ የነበረው የወንዙ ከፍታ መዝገብ እስከ እ.ኤ.አ. 622 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች የውኃውን ወለል በድንጋይ ዓምድ ላይ ካለው ምልክት ጋር እያስተያዩ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ግብፅ የሄደው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኸርስት ይህንን መዝገብ ከሌሎች ጋር አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ውኃ ማጠራቀሚያዎች የረጅም ጊዜ መጠን ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይጠቀሳል። የድርቅ ዓመታት ከድርቅ፣ የጥጋብ ዓመታት ከጥጋብ ጋር ተከታትለው የመምጣት ዝንባሌ እንዳላቸው ያሳየው በዚያ መዝገብ ነው። ያ ውኃ በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ተራሮች፣ በጥቂቱም ከእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት የወረደ ነው። ጥናቱን ያስቻለው የመሣሪያው ርቀት ሳይሆን የአሠራሩ ቅለትና የጻፊዎቹ ጽናት ነው።

ዛሬ ስማርት ስልክ በሠራተኛው ኪስ ገብቷል፤ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ቅየሳ መረጃውን በስልክ ሰበሰበ፤ በ2008 ዓ.ም. እስኪጠናቀቅም በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ተመርምረውበታል። ነገር ግን ስልኩ የወረቀቱን ሕጎች አይሽራቸውም፤ እንዲያውም ያጠብቃቸዋል። ሳጥኑ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አላሳልፍም የሚል ፕሮግራም፣ በነሐሴ 16 ማግሥት ያለውን ሠራተኛ ከማንኛውም ቁጡ አለቃ ይልቅ ወደ ሐሰት ይገፋፋዋል። «አልተነበበም» እና «የሁለት ቀን ድምር» የሚሉ ምርጫዎችን የሚሰጥ፣ በአማርኛም ሆነ ሠራተኛው በሚናገረው ቋንቋ ነፃ ማስታወሻ የሚቀበል፣ መረብ በሌለበት ተራራ ላይም የሚሠራ ከሆነ ግን ከደብተሩ የተሻለ ደብተር ይሆናል።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለማኅበሩ የሚቀርበው ሐሳብ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም አዲስ ቅጽ ከመታተሙ በፊት የሚሞሉት ሠራተኞች ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት፤ በኅዳጉ ላይ የጻፉትም ይነበብ። ሁለተኛ፣ በጨረታና በውል ሰነዶች ውስጥ የሥራ ቦታ የመጀመሪያ ደብተሮች ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲጠበቁ የሚያዝዝ አንቀጽ ይግባ። ሦስተኛ፣ በአንድ ሠራተኛ ንባብ ድልድይ የተነደፈ እንደሆነ፣ ያ ሠራተኛ ይነገረው። መዝገቡ ሄዶ የት እንደገባ የማያውቅ ሰው ከጊዜ በኋላ ቢሰላች አያስደንቅም፤ ቁጥሩ ድልድይ ሆኖ ያየ ግን በዝናብ ውስጥ ወጥቶ ለማንበብ ምክንያት አለው።

መሐንዲሶች ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ሲከራከሩ፣ ናሙናው በላቦራቶሪ ሳይፈተን ሥራው አይፈቀድም። የስሌቱ መሠረት የሆነው ቁጥርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባዋል፤ ፈተናውም አስቸጋሪ አይደለም። ወረቀቱ ለሠራተኛው «አላየሁም» ለማለት ቦታ ሰጥቶታል ወይስ አልሰጠውም? ቦታ ከሰጠው፣ «አየሁ» ያለውን ማመን ይቻላል።