ስለ ኮከብ ማያ መስተዋትና ብርሃን ስለሚሰበሰብበት ስፍራ



በጅጅጋ ሜዳ፣ በአውበሬና በቀብሪበያህ ዙሪያ የሚኖር ከብት አርቢ ኮከብ ማየትን ከአባቶቹ የተማረ ነው። ዝናም የሚጥልበትን ወራት ከሰማይ ምልክት ይለያል። ይህንም የሶማሌ ሕዝብ ዕውቀት ሙሴ ጋላል የተባለው ሊቅ በ1968 ዓመት በሞቃዲሾ በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ በዚህ ንግግር የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ያለ መምህር ከተማሪዎቹ ጋራ ቴሌስኮፕ ቢሠራ፣ የሚዘራው በታረሰ መሬት ላይ ነው።

ነገር ግን በእጅ ተሠርቶ በመጀመሪያው ሌሊት አጥርቶ የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ጥቂት ነው። ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጭጋግ ሰፍቶ ይታያል። ያን ጊዜ ሕፃኑ መምህሩን ፈርቶ «አየሁ» ይላል፤ ሽማግሌውም ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል፤ መሣሪያውም ዕቃ ቤት ይገባል። የዕቃው መቅረት ትንሽ ጉዳት ነው፤ ትልቁ ጉዳት ሕፃኑ ያላየውን አየሁ ማለት መልመዱ ነው። እንግዲህ የችግሩን ምክንያት በተራ መመርመር ይገባል።

ኒውተን በ1668 የመጀመሪያውን ባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ በእጁ ሠራ። ሥራው እንዲህ ነው። ከቱቦው ግርጌ ያለው ጎድጓዳ መስተዋት የኮከቡን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳል፤ ትንሹ ጠፍጣፋ መስተዋት ብርሃኑን ወደ ጎን ያወጣዋል፤ ብርሃኑም በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል። ዓይን የሚጠጋበት መነጽር ከዚያ ስፍራ ጋራ ካልተገናኘ ምንም ነገር አይጠራም።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። ቴሌስኮፑ ቅርብ ያለውን ዛፍ አጥርቶ እያሳየ ኮከብን የሚያደበዝዝ ቢሆን፣ መስተዋቱን መክሰስ አይገባም፤ ስፍራው ነው የተሳሳተው። የመሰብሰቢያው ርቀት 1 ሜትር በሆነ መስተዋት፣ በ50 ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ብርሃኑ ከኮከብ ብርሃን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይሰበሰባል፤ በ100 ሜትር ላይ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ 10 ኪሎ ሜትር የራቀ ተራራ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ። ስለዚህ በቀን የሚፈትን ሰው ዛፉን ትቶ እንደ ካራማራ ያለ ሩቅ ተራራ ይመልከት።

ለኮከብ የሚሆነው ስፍራ መነጽሩ ሊደርስበት ከማይችል ከውስጥ በኩል ከሆነ፣ ትልቁን መስተዋት ከግርጌው ወደ ላይ ማንሣት ነው። መስተዋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢነሣ፣ መሰብሰቢያው 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ነገር ግን መስተዋቱ በተነሣ ቍጥር በትንሹ መስተዋት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይሰፋልና፣ ጥቂት በጥቂት ይነሣ። መነጽሩን በእጅ ይዘው ወደ ውጭ ሲያርቁት የሚጠራ ከሆነ ግን፣ አጭር ቱቦ መቀጠል ይበቃል።

ቱቦውን ሳይቈርጡ አስቀድሞ መለካት ይሻላል። መስተዋቱን ወደ ጨረቃ አቅንቶ፣ መልኳ በትንሽ ወረቀት ላይ ጥርት እስኪል ድረስ ወረቀቱን ማራቅና ማቅረብ፣ ከዚያም ከመስተዋቱ እስከ ወረቀቱ ያለውን መለካት ነው። 120 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከትንሹ መስተዋት እስከ መነጽሩም 18 ሴንቲ ሜትር ቢያስፈልግ፣ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል 102 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ይህን ሒሳብ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሊሠራው ይችላል። ይህ ሁሉ በፀሐይ ከቶ አይሞከር፤ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ወረቀትን ያቃጥላል፣ ዓይንንም ያጠፋል።

ስፍራው ተስተካክሎ ኮከቡ አሁንም ባይጠራ፣ ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የጅጅጋ ከፍታ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ነውና፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በቤት ውስጥ የሞቀ መስተዋት ወደ ውጭ ሲወጣ በፊቱ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ከማየት አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ውጭ ይቀመጥ። ሦስተኛው መስተዋቱን አጥብቆ ማሰር ነው። መነጽሩ ከጥራቱ ስፍራ ወደ ውስጥ ሲገባ ኮከቡ ወደ አንድ ጎን ቢረዝም፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ያንኑ አቋርጦ ወደ ሌላ ጎን ቢረዝም፣ ማሰሪያው መስተዋቱን አጣሞት ሊሆን ይችላልና ብሎኑ ይላላ።

በመጨረሻ የመስተዋቱ አሞራረድ ይመረመራል። በዚህ ነገር ታላላቆችም ተሳስተዋል። በ1990 ወደ ሰማይ የወጣው ሀብል የተባለው ቴሌስኮፕ መስተዋቱ 2.4 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ጠርዙ ከሚገባው በላይ 0.002 ሚሊ ሜትር በሚያህል ጠፍጣፋ ሆኖ ነበርና ብርሃኑ በአንድ ስፍራ አልተሰበሰበም። ምክንያቱም የመለኪያው መሣሪያ አንዱ መነጽር 1.3 ሚሊ ሜትር ከስፍራው ርቆ መቀመጡ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ሌላ መለኪያ ስሕተቱን አስቀድሞ አሳይቶ ሳለ፣ ከዋናው ያነሰ ነው ተብሎ አለመሰማቱ ነው። በ1993 ጠፈርተኞች ወጥተው አቀኑት።

በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የእነዚያ ጠባቂዎች የሚመረምሩትና የገጠር ተማሪ የሚመረምረው ነገር አንድ ነው፤ ብርሃኑ በስፍራው ተሰብስቧልን?

እንግዲህ መምህር ከተማሪዎቹ መካከል «አልጠራልኝም» የሚለውን አይገሥጸው፤ ያ ልጅ እንደዚያ እንዳልተሰማው መለኪያ ነው። ቀርቦ ይጠይቀው፤ ብሎኑን ያዙረው፤ ደግሞም ያሳየው። ሽማግሌውም ያየውን ብቻ ይናገር። እንዲህ ተደርጎ የጁፒተር አራት ጨረቃዎች ተለይተው ሲታዩ፣ ሕፃኑ «አየሁ» ቢል ቃሉ የታመነ ነው።