መጽሐፉ በየትኛው ቋንቋ ይሁን?

(ለአጥቢያ ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ለሦስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጻሕፍት ልንገዛ ስለ ታሰበ፣ ከዓመታት በፊት በወላይታ ገጠር የገጠመኝን እንድነግራችሁ ተጠይቄአለሁ። የምነግራችሁ ግን በአብዛኛው ስለ ራሴ ስሕተት ነው።

ያን ጊዜ እናንተ በላካችሁት ገንዘብ ለአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እንድገዛ ታዝዤ ነበር። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ዋጋ አጠያየቅሁ፤ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጀሁ፤ በሪፖርቴም ላይ «ወላጆች በሙሉ ተስማምተውበታል» ብዬ ጻፍሁ። አንድም ወላጅ አልጠየቅሁም ነበር።

ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ርእሰ መምህሩ ወላጆችን በግቢው ካለው ዋንዛ ሥር ሰበሰበ። በጊዜው በዚያ አካባቢ ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በወላይትኛ ይማሩ ነበር፤ 5ኛ ክፍል ሲገቡ ግን ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ይህን ሁላቸውም ያውቁታል፤ የተለያዩት ከዚህ በኋላ ባለው ላይ ነው።

አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ 4ኛ ክፍል ድረስ አንደኛ ይወጣ ነበር፤ 5ኛ ሲገባ መምህሩ የሚናገረውን መስማት አቃተው። እንግሊዝኛው ከ1ኛ ክፍል ይጀመር» አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዝርዝሬ ከእርሳቸው ጋር ተስማምቶአልና። ደስታዬ ግን አልቈየም። ሌላው አባት «እንግሊዝኛ የት ያደርሰዋል? ሁለት ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዱ ሊስትሮ ነው፣ አንዱ ሎተሪ ያዞራል። እዚያ በወላይትኛ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው የለም። አማርኛ አስተምሩልን» አሉ። ሰው ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም።

ከሴቶቹ ወገን ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ ሲለምናቸው አንዲት እናት ተነሡና «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም። ልጄ ማታ ማታ በወላይትኛ ስታነብ ግን እሰማታለሁ፤ ስትሳሳትም አርማታለሁ። በሌላ ቋንቋ ካነበበች በምን አርማታለሁ?» ብለው ተቀመጡ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው። እኔ ያልተማረ ወላጅ ልጁን በትምህርት ሊረዳ አይችልም ብዬ አስብ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። እርሳቸው ማንበብ የቻሉት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ ወላይትኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁሉም የተጻፈው በግዕዙ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ሆነ። ስለዚህ አያት በፊደል የታተመውን የወላይትኛ አዲስ ኪዳናቸውን ያነባሉ፤ የልጅ ልጃቸው የወላይትኛ መማሪያውን ያነባል፤ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ሊያነብ አይችልም። «ቋንቋችን አንድ ሆኖ ሳለ መጽሐፍ ለየን» አሉ።

ከእናንተ መካከል ይህ ሁሉ ስለ ጥቂት መጻሕፍት የተነሣ ከንቱ ክርክር ነው የሚል ቢኖር፣ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ የሆነውን ያስብ። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ታላቅ ተቃውሞ አስነሥቶ ሰው ሞቶበታል፤ መጻሕፍቱም እንዲቀሩ ተደርጓል። እኔ ዝርዝሬን ሳዘጋጅ ይህን አውቅ ነበር። ማወቅና ማስታወስ ግን አንድ አይደለም።

ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍሁ። ኀፍረቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ከሦስት ስብሰባ በኋላ ወላጆች ለታናናሾቹ ወላይትኛ፣ ለ4ኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ቀለል ያለ እንግሊዝኛ እንዲገዛ ወሰኑ። የሊስትሮው አባት ለአማርኛ ምንም ገንዘብ ስላልተመደበ ቅር ብሎአቸው ሄዱ፤ እውነትም ነበራቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአጥቢያው ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፊደል ማስቈጠር ጀመሩ። ለዚህ ወጪ አልወጣም፤ የአዳራሹ አግዳሚዎችና አንድ ጥቁር ሰሌዳ በቂ ነበሩ። ሽማግሌውም እየመጡ ልጆቹን ሀ ሁን ያስጠናሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ላቲኑን ያስተምሩአቸዋል። አንድ ቀን «የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሰባት ሆኖ ከነቤተሰቡ ይመጣል፤ ይህ ግን ብቻውን ነው የሚዞረው» ብለው አሳቁን።

መጀመሪያ የተናገሩት አባት በውሳኔው አልተስማሙም። ጊደር ሸጠው ልጃቸውን ወደ ሶዶ ከተማ፣ በክፍያ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ወሰዱት። ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም፤ ልጁን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው።

የሦስቱ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አሁን በእጃችሁ አለ። የመጻሕፍቱ ርእስ፣ ብዛትና ዋጋ በሚገባ ተሞልቶአል። «የወላጆች አሳብ» የሚለው በስተቀኝ ያለው ዓምድ በሦስቱም ላይ ባዶ ነው። ግዥው ከመፈረሙ በፊት ወደየቦታው የሚሄዱ፣ ከየአጥቢያው ሁለት ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ዛሬውኑ እንድትመርጡልን እለምናችኋለሁ።